ሥሩን እያያችሁ አሳድጉ፦ ሸበጥ ኦርኪድ በቤት መስኮት

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው መስኮቴ ሥር በተደረደሩት ማሰሮዎች ላይ ነበር። አንዷ አብባለች። ጠጋ ብላ አየቻት። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየቻት። «ይሄ ደግሞ አበባ ነው ጫማ?» አለችኝ።

አልተሳሳተችም። ከአበባው ፊት ያለው ከረጢት ቁርጥ ሸበጥ ነው። ስም ያወጡለትም ያንኑ አይተው ነው። ፓፊዮፔዲለም የሚለው ሳይንሳዊ ስሙ ፓፎስ ከተባለችው የቆጵሮስ ከተማ፣ ማለትም የግሪኮች የፍቅር አምላክ ከሆነችው ከአፍሮዳይት አገር ስምና ጫማ ከሚል የግሪክ ቃል የተገጣጠመ ነው። አሳዳጊዎች አሳጥረው ፓፍ ይሉታል። አገሩ እስያ ነው፤ ከህንድና ከደቡብ ቻይና ጀምሮ እስከ ኒው ጊኒና ሰሎሞን ደሴቶች ይደርሳል። ፍራግሚፔዲየም፣ ባጭሩ ፍራግ፣ የሚባል ዘመድ ደግሞ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ደቡብ አሜሪካ አለው። በአፍሪካ ዱር ሁለቱም የሉም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቡና ጫካ ዛፎች ላይ ተጣብቀው የምታዩአቸው ኦርኪዶች የሌላ ወገን ናቸው።

እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ውስጥ ነው። ግሪንሃውስ የለኝም፣ ጓሮም የለኝም። 7 ዓመት ሞከርኩት፤ ዛሬ 23 ማሰሮ አለኝ። የገደልኳቸውን አልቆጠርኩም። ሁሉንም የገደልኳቸው ግን በአንድ ጥፋት ነው፤ ዓይኔ አበባው ላይ ሆኖ ሥሩን አላየሁም። ስለዚህ ከታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሥር ላይ ይመጣል፤ አትሰልቹ።

1. በቅጠሉ ምረጡ

ሱቅ ስትገቡ አበባው ያማልላችኋል። እሱን ተዉትና ቅጠሉን እዩ። ምን ዓይነት ቤት እንደሚፈልግ የሚናገረው ቅጠሉ ነው።

ቅጠሉ ደማቅና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር ከሆነ፣ ተክሉ ሞቅ ያለ ቤት ይወዳል። ሌሊት ከ16 እስከ 18፣ ቀን ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል። ሰው የሚኖርበት ተራ ቤት ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ከዚህ ወገን አትውጡ። በተለይ ሞዲኤ የሚባለውን ድቅል ፈልጉ። ካሎሰምና ላውረንሲያነም ከሚባሉ ሁለት ዝርያዎች ተዳቅሎ በ1900 የተመዘገበ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲያጠፋበት ችሎ የኖረ፣ ሆደ ሰፊ ተክል ነው።

ቅጠሉ ዝንጉርጉር የሌለበት፣ ቀጠን ያለ ንጹሕ አረንጓዴ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ኢንሲግኔና ቪሎሰም ከዚህ ይመደባሉ። ሌሊቱ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሲወርድላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ያ ቅዝቃዜ ከሌለ ቅጠል ብቻ ያበዛሉ። እኔ ቤት ኢንሲግኔ ለ3 ዓመት ቅጠል ሲያሳየኝ ኖረ። አዲስ አበባ ብትሆኑ ኖሮ ይህ ችግር አይገጥማችሁም፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ለነዚህ ተክሎች የተለካ ነው ማለት ይቻላል። እንዲያውም እዚያ የሚቸገረው ዝንጉርጉሩ ነው፤ ማሞቂያ በሌለው ቤት እድገቱ ይንቀራፈፋል።

ሦስተኛው ወገን እንደ ቀበቶ የተዘረጋ ወፍራምና ረጅም ቅጠል አለው። በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት፣ አራት አበባ ያወጣል። ሮትሺልዲያነም የነዚህ ንጉሥ ነው፤ በዱር ያለው ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ ኪናባሉ ተራራ አካባቢ ብቻ ነው። ከዘር ተነስቶ እስኪያብብ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ብዙ ብርሃንና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለጊዜው በፎቶ ይብቃችሁ።

2. አዋቂ ተክል ግዙ

ሱፐርማርኬት ያለው፣ ፋሌኖፕሲስ የሚባለው የተለመደ ኦርኪድ የሚረክሰው በላብራቶሪ ከአንድ እናት በገፍ ስለሚባዛ ነው። ሸበጥ ኦርኪድ ይህን እምቢ ያለ ተክል ነው። ለንግድ በሚያዋጣ ደረጃ ከአንድ እናት ኮፒ ማውጣት አልተቻለም። ስለዚህ የምታዩት ሁሉ ወይ ከዘር የበቀለ ነው፣ ወይ ከእናቱ ላይ የተከፈለ ነው። ከአንድ ፍሬ የወጡ ወንድማማቾች እንኳ አይመሳሰሉም፤ አንዱ መልከ መልካም፣ ሌላው እንደነገሩ። ችግኝ ስትገዙ ሎተሪ እንደ መግዛት ነው። አሁን ያበበውን ወይም እምቡጥ የያዘውን ከገዛችሁ ግን ያያችሁትን ገዛችሁ።

ደግሞ ችግኝ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። የኦርኪድ ዘር አቧራ ነው። ለጽንሱ የሚሆን ስንቅ በውስጡ የለውም። በጫካ ፈንገስ ያበላዋል፤ በላብራቶሪ ስኳር ባለበት ጄል ላይ ይዘራል። ከዚያ እስኪያብብ የፈጠነው 3፣ 4 ዓመት ይፈጃል።

ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ልንገራችሁ። ተክሉን ከግርጌው በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ ብዬ እነቀንቀዋለሁ። ከተወዛወዘ ሥር የለውም፤ አበባው የፈለገ ቢያምር እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ የቅጠል እቅፎቹን፣ ማለትም ከአንድ ግርጌ አብረው የሚወጡትን ቅጠሎች፣ እቆጥራለሁ። የሸበጥ ኦርኪድ አኗኗር ከሙዝ ጋር አንድ ነው። አንዱ እቅፍ አንዴ ያብባል፣ ደግሞ አያብብም። ከጎኑ ልጅ ያወጣና ቀጣዩን አበባ የሚሰጠው ልጁ ነው። ስለዚህ አበባ ይዞ ምንም ልጅ የሌለው ተክል ከገዛችሁ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ረጅም ጥበቃ ነው። ሁለት እቅፍና አንድ ብቅ ያለ ልጅ ያለው ከተገኘ፣ አታቅማሙ።

የስም መለያውን ቁራጭ ፕላስቲክ ደግሞ አትርሱ። ስም የሌለው ተክል ቢያምርም የምታነቡለት ነገር አይኖርም።

3. ቦታ ስጡት

በእኔ ልምድ ምርጡ መስኮት ወደ ምሥራቅ የሚያየው ነው። የጠዋት ፀሐይ ለስላሳ ናት። የደቡብ መስኮት ካላችሁ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጉ። ልኩን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ እጃችሁን ከቅጠሉ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። ጥላው ዳሩ ደብዘዝ ብሎ ከታየ፣ በቂ ነው። ጥላው እንደ መቀስ የተቆረጠ ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል። ጥላ ከነጭራሹ ከሌለ ጨለማ ነው።

ቅጠሉም ይነግራችኋል። ወደ ቢጫ የሄደ ቅጠል በዛብኝ እያለ ሊሆን ይችላል። በጣም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የተልፈሰፈሰ ደግሞ ብርሃን አነሰኝ ይላል። አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ከፍታው ላይ ፀሐይዋ ትቆጣለች፤ በመስታወት በኩል ቀጥታ የገባች ፀሐይ በአንድ ቀትር ቅጠል ታቃጥላለች።

የአየር እርጥበት ከ50 በመቶ ወዲህ ማዶ ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ በዊንተር ማሞቂያው ሲሠራ፣ ባሕረ ሰላጤው አገር ደግሞ ኤሲው ቀን ከሌት ሲሠራ አየሩ ይደርቃል። ቅጠል ላይ ውኃ መርጨት የብዙ ሰው ልማድ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። በአሥር ደቂቃ ይደርቃል፣ ትርፉ ቅጠል መሐል የቆመ ጠብታ ነው። ማሰሮዎቹን አቀራርቦ ማስቀመጥና ትንሽ የአየር ማርጠቢያ ማብራት ይሻላል። ቀስ ብላ የምትዞር ትንሽ ፋንም ይጠቅማል፤ የታፈነ አየር መበስበስን ይጠራል።

4. ውኃ

ብዙዎቹ ኦርኪዶች ውኃ የሚያጠራቅሙበት እንደ ሽንኩርት ያበጠ ግንድ አላቸው። ሸበጥ ኦርኪድ ይህ ጎተራ የለውም። ያለው ሥርና ቅጠል ነው። ስለዚህ «ኦርኪድ ሲደርቅ ነው የሚጠጣው» የሚለውን ምክር እዚህ አትጠቀሙበት። ከነጭራሹ መድረቅ የለበትም። ውኃ ውስጥ መቆምም የለበትም። የተጨመቀ ፎጣ እርጥበት ነው የሚፈልገው።

መቼ እንደማጠጣ የማውቀው በክብደቱ ነው። ካጠጣሁ በኋላ ማሰሮውን አነሳና ክብደቱን ልብ እላለሁ። በማግስቱም አነሳለሁ። ከሳምንት በኋላ እጃችሁ ራሱ ያውቃል። እስኪለምዳችሁ ድረስ የጥብስ እንጨት እስከ ታች ሰክታችሁ ለ10 ደቂቃ ተዉት። አውጥታችሁ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። እንጨቱ ከቀዘቀዘ ቆዩ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። እኔ ቤት በሰመር በየ4፣ 5 ቀኑ፣ በዊንተር ሳምንት ገደማ ይሆናል። ቀን ቆጥራችሁ ግን አታጠጡ።

የምታጠጡት ጠዋት ይሁን። ውኃው ከታች በደንብ እስኪፈስ አጠጡና አጠንፍፉ። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት መሐል ላይ ውኃ ከገባ፣ ሶፍት እንደ ክር ጠምዝዛችሁ ጫፉን ክተቱት፤ መጥጦ ያወጣዋል። እዚያ አድሮ የሚቆም ውኃ በባክቴሪያ ልቡን ያበሰብሰዋል። አንድ ቀን ስትነኩት ቅጠሉ ከመሐል ተመዝዞ ይወጣል፣ ሽታው ያስጠላል፣ ያ እቅፍ አበቃለት።

ጨው የበዛበት ውኃ ሥር ያቃጥላል። የቧንቧ ውኃችሁ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ ለኦርኪድም አይሆንም። የዝናብ ውኃ ይሻላል። ክረምት ላይ ከጣራ የወረደውን በጀሪካን ማጠራቀም የሚችል ሰው ታድሏል፤ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ይጠብ፣ የሁለተኛውን ያዙ። እኔ የተጣራ ውኃ በጋሎን እገዛለሁ።

ፍራግ ያላችሁ ይህን ሕግ በግማሹ እርሱት። ብዙዎቹ በተፈጥሮ ውኃ በሚንጠባጠብበት ገደልና በወንዝ ዳር የሚኖሩ ናቸው። በተለይ ቤሴዬና ሎንጊፎሊየም የሚባሉት ሁለት ሴንቲ ሜትር ውኃ ባለው ሳህን ላይ ቢቀመጡ ይመቻቸዋል። ውኃው ግን ንጹሕ ይሁን፤ ጨው ላይ ከፓፍ ይልቅ ቁጡ ናቸው። የቅጠል ጫፍ ሲጠቁር ያስታውቃል።

5. ማሰሮ መቀየር

እዚህ ላይ ነው ጊዜ የምትሰጡት። ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ ይሄ ከተበላሸ ተክሉ አያገግምም።

የመጀመሪያዋን ሞዲኤዬን እንዴት እንዳሰቃየኋት ልናገር። ገና በወሩ ከማሰሮ አወጣኋት። ሥሩ ሁሉ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ ፀጉር አለው። እኔ ደግሞ የማውቀው የፋሌኖፕሲስን ወፍራም፣ ብርማ አረንጓዴ ሥር ነው። «ይሄማ ሞቷል» ብዬ መቀስ አነሳሁ። አንድ በአንድ ቆረጥኩት። በኋላ ያነበብኩት፣ የፓፍ ጤነኛ ሥር ቡናማና ፀጉራም መሆኑን ነው። ተክሏ ከአንድ ዓመት በላይ ቅጠሏ ተሸብሽቦ ኖራ፣ እንደ ምንም አንድ ሥር አወጣች። ዛሬም አለች፤ አራት እቅፍ ሆናለች፤ ባየኋት ቁጥር አፍራለሁ።

የሞተና ያልሞተ ሥር በቀለም አይለይም፤ በጣት ነው። ያዝ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ጠጣር ከሆነ ደህና ነው። ባዶ ሆኖ ልጣጩ እንደ ካልሲ ተንሸራቶ ወጥቶ መሐሉ ላይ ቀጭን ክር ከቀረ፣ ሞቷል። የሚያድግ ሥር ጫፉ ነጣ ወይም ፈዘዝ ያለ ይሆናል። ያንን ጫፍ አትንኩት።

ማሰሮ የሚቀየረው በየዓመቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ዓመቱ ነው። ሌሎች ኦርኪዶች ሲነኩ ይከፋቸዋል፤ ፓፍ ይወደዋል። ምክንያቱም የተተከለበት ቅርፊት ሲበሰብስ እንደ ጭቃ ይሆናል፣ አየር ይዘጋል፣ ሥር ይታፈናል። የሚሻለው ጊዜ አበባው ከወደቀ በኋላ፣ አዲስ ልጅ ብቅ ሲል ነው።

ድብልቁ አፈር አይደለም። እኔ የምጠቀመው ይህ ነው፦ አምስት እጅ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የተፈረከሰ የጥድ ዓይነት ዛፍ ቅርፊት፣ አንድ እጅ ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ ጠጠር፣ አንድ እጅ ከሰል። ቅርፊቱን ከመትከላችሁ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት፤ ደረቅ ቅርፊት ውኃ አይዝም። ከሰሉ ለቡና የምናቀጣጥለው ተራ የእንጨት ከሰል ይሆናል፤ ተሰብሮ፣ ተነፍቶ፣ አቧራው ታጥቦ። በፋብሪካ የተጠፈጠፈው የባርቤኪው ከሰልና ለዕጣን የምንለኩሰው፣ ክብሪት ሲነካው የሚንጣጣው ክብ ከሰል ግን አይሆኑም። ማቀጣጠያና ማጣበቂያ ኬሚካል አለባቸው።

ከኖራ ድንጋይ ገደል የመጡ ዝርያዎች አሉ፤ ቤላቱለም፣ ኮንኮለር፣ ኒቪየም። ለነሱ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የኦይስተር ዛጎል ወይም ዶሎማይት ኖራ ላይ ላዩን እበትናለሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

ጋዜጣ አንጥፉ። መቀሱን በእሳት አስነክታችሁ አቀዝቅዙ ወይም በአልኮል ጥረጉ፤ ቫይረስ ከተክል ወደ ተክል የሚዛመተው በመቀስ ነው። ማሰሮውን በጎኑ አስተኝታችሁ ዙሪያውን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉና ተክሉን አውጡ፤ ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱ። አሮጌውን ቅርፊት አራግፉ። የተጣበቀውን ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፤ እምቢ ካለ ተዉት። የሞተውን ሥር ብቻ ቁረጡ።

ማሰሮው ሥሩ ከሚይዘው ቦታ እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ማሰሮ ደግነት ይመስላል፤ መሐሉ ሳይደርቅ እየከረመ ሥር ያበሰብሳል። ግድግዳው የሚያሳይ ፕላስቲክ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፤ ሥሩን ሳታወጡ ታዩታላችሁ። የሚጠጣ ውኃ የሚሸጥበትን ሃይላንድ ቆርጣችሁ፣ ታቹን በጋለ ምስማር በስታችሁ መጠቀምም ይቻላል። እኔ ለትንንሾቹ እንዲያ አደርጋለሁ።

ተክሉን መሐል ላይ ያዙትና ቅርፊቱን ዙሪያውን ሙሉት። ማሰሮውን ጠረጴዛ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉት፣ ይገባል። በጥብስ እንጨት ጎሰም ጎሰም አድርጉ። ዋናው ጥልቀቱ ነው። የቅጠሎቹ ግርጌ ከቅርፊቱ በታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። አዲስ ሥር የሚወጣው ከልጁ ግርጌ ነው። ያ ግርጌ አየር ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሥሩ ብቅ ብሎ እርጥበት ያጣና ይደርቃል። ብዙ ሰው «ተክሌ ለዓመታት አንድ ቦታ ቆመ» የሚለው በዚህ ነው። ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩትም፤ ይበሰብሳል።

ሲያልቅ ቅጠሉን ይዛችሁ ማሰሮውን ብድግ አድርጉት። ተክሉ ማሰሮውን ይዞ መነሳት አለበት። ከተወዛወዘ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የሥር ጫፍ በተነቃነቀ ቁጥር ይፋቃል። ለሁለት ሳምንት ከብርሃን ትንሽ ገለል አድርጋችሁ አስቀምጡት። ማዳበሪያ ለወር ያህል አትስጡት።

6. ማዳበሪያ

በትንሹ። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ልክ ሩብ፣ በየሁለት ሳምንቱ። በወር አንዴ በንጹሕ ውኃ ብቻ ብዙ አፍስሳችሁ የተጠራቀመውን ጨው እጠቡ። ማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ፣ ማዳበሪያው በዝቷል።

7. አበባው ሲመጣ

የደረሰ እቅፍ መሐል ላይ የታጠፈ ትንሽ አረንጓዴ ሽፋን ታያላችሁ። አትደሰቱ ገና። በአንዳንዱ ዝርያ ሽፋኑ ለወራት ቆሞ ሊያሾፍባችሁ ይችላል። እምቡጡ ከወጣ በኋላ ማሰሮውን አታዙሩት። አበባው ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል፤ በየቀኑ ካዞራችሁት አንገቱ ተጠምዝዞ ይቀራል። ዘንጉ ሲረዝም ቀጭን እንጨት አጠገቡ ሰክታችሁ በክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። በዚህ ሰሞን ውኃ እንዳያንሰው፤ እምቡጥ መጀመሪያ የሚወድቀው በጥማት ነው።

ሲያብብ ከረጢቱን ከኋላ በኩል እዩት። ወጥመድ ነው። ነፍሳቱ ውስጥ ይወድቃል፤ ግድግዳው ያንሸራትታል፤ ያለው መውጫ ከኋላ፣ በፀጉር መወጣጫው በኩል ነው። ሲወጣ መጀመሪያ የሴቴውን ክፍል ጀርባው ይነካል፣ ከዚያ በጠባቡ ቀዳዳ ሲሾልክ ዱቄቱ ይለጠፍበታል። ሮትሺልዲያነም ደግሞ የባሰበት አታላይ ነው። መሐሉ ላይ አፊድ የሚባሉ፣ የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት መንጋ የሚመስል ነገር አለው። ልጆቿን አፊድ የምታበላ ዝንብ እንቁላል ልትጥል ትመጣና ትወድቃለች። ከዚያ ለሚፈለፈሉት ልጆች ምግብ የለም።

አንዱ አበባ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አወዳደቁ ግራ ያጋባል። አይጠወልግም፤ አንድ ጠዋት ትነሳላችሁ፣ ሙሉ አበባ እንዳማረበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ምንም አላጠፋችሁም። ዘንጉን ቁረጡት። ፕሪሙሊነምን የመሰሉት ግን ከዚያው ዘንግ ሌላ አበባ እያከታተሉ ያወጣሉ፤ የነሱን ዘንግ ጫፉ እስኪደርቅ አትንኩት።

ተባይ በብዛት አይገጥመኝም። ቅጠል መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ የጆሮ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ ጥረጉት። በሳምንቱ ድገሙት። አዲስ የገዛችሁትን ለአንድ ወር ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩ።

8. መሰብሰብ ከፈለጋችሁ

ከአራተኛው ማሰሮ በኋላ ሰው ይለወጣል። ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ተክል ማየት ይጀምራል። እኔንም ደርሶብኛል። አንዴ ከማላውቀው ሻጭ በርካሽ ገዛሁ። ሳጥኑን ስከፍት ቅጠሉ በነፍሳት የተበሳሳ፣ ላዩ ላይ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት፣ ሥሩ በቢላ የተቆረጠ ተክል ነው። በማሰሮ ያደገ ተክል እንዲህ አይሆንም። ከገደል የተነቀለ ነው። በሁለት ወሩ ሞተ። አሁን ርካሽ ብርቅዬ ሳይ አልፋለሁ።

ሕጉም ጥብቅ ነው። ፓፍም ፍራግም በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር ሕይወት ንግድ ስምምነት ከፍተኛው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ከዱር ተነቅሎ ለንግድ ድንበር መሻገር አይችልም። በእርባታ ያደገውም ቢሆን ለመሻገር ፈቃድና የተክል ጤና ማረጋገጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚህ ተክል ገዝቶ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ጠቅልሎ ቦሌ መውረድ የለም። «አንዲት ናት፣ ማን ያያል» የሚል ወዳጅ ካላችሁ የኮቫቺን ታሪክ ንገሩት። በ2002 ከፔሩ በ«አንዲት ናት» ፍሎሪዳ የገባ፣ መዳፍ የሚሞላ ሐምራዊ ፍራግ ነው። በሳይንስ ስም ከወጣለት በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሁለት የቬትናም ታሪክ ላክል። ዴለናቲ የምትባል ሮዝ አበባ አለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተገኝታ ከዱር ጠፋች ተባለ። ለረጅም ዘመን በየአገሩ ያለችው ሁሉ ፈረንሳይ ውስጥ ከተረፈች አንዲት ተክል ዘር የተራባች ነበረች። በ1990ዎቹ ቬትናም ውስጥ እንደገና ተገኘች። ቬትናመንሴ የሚባለው ዝርያ ደግሞ በ1999 ስም ወጣለት። ስሙ በወጣ በጥቂት ዓመታት ነቃዮች ገደሉን ባዶ አስቀሩት ማለት ይቻላል። ሁለቱንም ዛሬ ከዘር ያደጉ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ይቻላል። እኔ ዴለናቲ አለችኝ፤ በየዓመቱ ዊንተር ሲያልቅ ታብባለች።

ለመማር የሚሻለው ሄዶ ማየት ነው። እዚህ ዲሲ ስሚዝሶኒያንና የአሜሪካ ቦታኒክ ጋርደን የኦርኪድ ኤግዚቢሽን ያሳያሉ። የአሜሪካ ኦርኪድ ማኅበር በ1921 የተመሠረተ ነው፤ ዳኞቹ አበባን ከመቶ ያርማሉ፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ከፍተኛውን ማዕረግ ይወስዳል። ተሸላሚ ተክል ስሙ በነጠላ ጥቅስ ይጻፋል፣ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ኮፒ ማውጣት ስለማይቻል፣ ከዚያች ተክል ላይ የተከፈለ ልጅ ሰው የሚሻማበት ለዚህ ነው።

9. ልጅ ማካፈል

አትቸኩሉ። ስድስት እቅፍ ያለው ተክል ሁለት ሦስት አበባ አንድ ላይ ያወጣል፤ ከከፋፈላችሁት ለዓመት ዝም ይላል። ለማካፈል ከወሰናችሁ ግን እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሦስት እቅፍና የራሱ ሥር ይኑረው።

ማሰሮ በምትቀይሩበት ቀን አድርጉት። ሁለቱን ወገን ግርጌያቸውን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዘወዝ አድርጉ፤ ዳቦ እንደሚቆረስ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይላቀቃል። ካልተላቀቀ ገና ነው ማለት ነው፣ መልሱት። ቢላ አታንሱ።

ባለፈው ዓመት ከዚያች ሥሯን ከቆረጥኩባት ሞዲኤ ላይ ለጎረቤቴ ለማካፈል አወጣኋት። ነቀነቅኳት፣ አልላቀቅ አለች። መለስኳት። ዘንድሮ እሞክራለሁ። ስትላቀቅ ሥሩን እርጥብ ጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ላዩን በፌስታል አድርጌ ነው የምሰጣት። መለያው ላይ የእናቲቱን ሙሉ ስምና የተከፈለችበትን ቀን እጽፋለሁ። በእርሳስ። ማርከር መስኮት ዳር በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠፋል።